ከረጢቱና ግላሱ

ይኸነው ከወፍራም ሸራ የተሰፋ ከረጢት በብብቱ ሸጉጦ ወደ አባቱ ግቢ ሲገባ፣ አቶ ወገኔ ፈረሳቸውን ውኃ ያጠጡ ነበር። ፈረሱ ቦራ ይባላል፤ ከግንባሩ ተነሥቶ እስከ አፍንጫው የሚወርደው ነጭ መስመር ያወጣለት ስም ነው። ሽማግሌው ከፈረሱ ጋር የሚነጋገሩት በአገው ቋንቋ፣ በአውኚ ነው። ከልጃቸው ጋር ግን፣ ልጁ ዳንግላ ገብቶ መማር ከጀመረ ወዲህ፣ በአማርኛ መነጋገርን ለምደዋል። ይኸነው የአባቱን ቋንቋ አንድ ቃል ሳይቀረው ይሰማል፤ ለመመለስ ሲሞክር ግን ምላሱ ይተሳሰርበታል።

“በብብትህ ያለው ምንድን ነው?” አሉ አቶ ወገኔ።

“ስለ እርሱ ነው የመጣሁት፣ አባባ። ይቀመጡና ልንገርዎት።”

“ቆሜ ይሻለኛል። የመሥሪያ ቤት ሰው ‘ተቀመጥ’ ካለኝ በኋላ ደስ የሚል ነገር ነግሮኝ አያውቅም።”

ይኸነው ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከረጢቱን ዘርግቶ በሁለቱም ጎኑ የተሰፉትን ማሰሪያዎች አሳያቸው። “ከጭራው ሥር የሚታሰር ነው። ፋንድያው አስፋልት ላይ እንዳይወድቅ ይይዘዋል።”

አቶ ወገኔ ባልዲውን መሬት አስቀመጡ። ሸራውን በሁለት ጣታቸው ዳሰሱት፤ እንደገናም ለቀቁት።

“ሽንት ጨርቅ ነው በለኛ!”

“አባባ…”

“ለፈረስ ሽንት ጨርቅ! እናትህ ይህን ሳታይ መሞቷ ደግ ሆነ።”

ይኸነው በከተማው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነበር። የገበሬ ልጅ በመሆኑ፣ ሰኔ ገብቶ ደመናው ሲያመነታ፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ባልተጠበቀ ዝናብ የታጨደ ጤፍ ሜዳ ላይ ሲበሰብስ፣ የወንድሞቹ ቤት ምን እንደሚመስል ያውቃል። የአየር ንብረት መለወጥ ለእርሱ በስብሰባ የሚሰማ ቃል ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ከተማዋ ጭስ የማያወጣ መጓጓዣ እንዲኖራት የሚያስችል ጥናት አዘጋጀ፤ የቤንዚን ባጃጆች ቀስ በቀስ በኤሌክትሪክ ባጃጆች እንዲተኩ፣ ለእግረኛም ጥላ ያለው መንገድ እንዲሠራ። በጥናቱ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ጭስ የሌለው መጓጓዣ በዳንግላ አዲስ ነገር አይደለም፣ ጋሪ ነው፤ ስለዚህ ጋሪ ከአስፋልቱ ዳር የራሱ መሥመር ይሰመርለት የሚል ነበር።

ጥናቱን እንዲመረምር የተሰየመው ኮሚቴ ሌላውን ሁሉ ተቀበለ። በጋሪው ላይ ግን ሁለት ጥያቄ አነሣ። ፋንድያው መንገድ ያቆሽሻል፤ ፈረስም ከባጃጅ ጋር በአንድ ጎዳና በሰላም ላይሄድ ይችላል። በመጨረሻም ቅዳሜ ዕለት ሙከራ ተደርጎ በዓይን ታይቶ እንዲወሰን ተስማሙ። ለሙከራው የሚቀርበው ጋሪ የአቶ ወገኔ እንዲሆን የመረጠው ይኸነው ራሱ ነበር። ከቦራ የተሻለ ረጋ ያለ ፈረስ በከተማው አልነበረም።

“እምቢ ካልኩስ?” አሉ አቶ ወገኔ።

“እምቢ ካሉ ጋሪ ከአስፋልቱ ይወጣል። የእርስዎ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም።”

“አስፋልቱን ተከለከልን ማለት ከተማውን ተከለከልን ማለት ነው። መናኸሪያውም፣ ገበያውም፣ ሆስፒታሉም አስፋልቱ ላይ ነው። ወዴት ልንነዳ ነው? ወደ ጫካ?”

“ለዚህ እኮ ነው የለመንኩዎት።”

አቶ ወገኔ ወደ ፈረሱ ዞሩ። ቦራ የጋሪ ፈረስ ሆኖ አልተወለደም። በጥር ወር ፈረሰኞች በእንጅባራ ሜዳ በሚሰበሰቡበት በዓል፣ አቶ ወገኔ በጀርባው ላይ ሆነው ጉግስ የተጫወቱበት፣ አቧራው ሳይበርድ ሰው ስሙን የሚጠራው ፈረስ ነበር። ባለቤታቸው እህተማርያም ታማ ሐኪም ቤት ደጅ መጥናት በጀመሩ ጊዜ፣ ልጁም ከፍ ወዳለ ክፍል በተሻገረ ጊዜ፣ የእርሻ መሬቱ የሁለቱን ወጪ መሸከም አቃተው። ዳንግላ ገቡና ቦራን በጋሪ ዘንግ መካከል አቆሙት። በመንደራቸው ጋሪ የጎተተ ፈረስ ከበዓል ፈረሶች ጋር አይሰለፍም። ይህን በፊታቸው የተናገራቸው ሰው የለም፤ የሚነግራቸውም ሳያስፈልጋቸው ከዚያ ወዲህ ወደ እንጅባራ ሜዳ አልሄዱም።

ቤት ገብተው በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ይኸነው ሳይፈታ አወቀው። በበዓል ቀን በፈረስ ጀርባ የሚዘረጋው ግላስ ነው፤ ቀይ፣ ዳር ዳሩ በቢጫና በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ፣ ዘርፉ እስከ ፈረሱ ሆድ የሚወርድ። የጠለፈችው እናቱ ነበረች።

“ከረጢትህን እሰርበት” አሉ ሽማግሌው። “ከኋላው አንተ የምታዋርደው ከሆነ ግን፣ ከፊቱ እኔ አከብረዋለሁ። ይህን ለብሶ ነው የሚወጣው።”

“ይህን ለብሶ ጋሪ ይጎትታል?”

“ምን ይከለክለዋል?”

ይኸነው የግላሱን ዘርፍ ነካ አደረገ። “ልጅ ሆኜ ትዝ ይለኛል፣ አባባ። ግላሱ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ቆሞ አያውቅም ነበር። መሬቱን በኮቴው ይቆፍር ነበር። ግላሱን የሚያውቀው ለግልቢያ ነው።”

“ያኔ ጎረምሳ ነበር። ዛሬ ጋሪ አስረጅቶታል።” እጃቸውን በቦራ አንገት ላይ አሳረፉ። “ረስቷል፣ ልጄ።”

ይኸነው በመሥሪያ ቤቱ ነገር ሳያጣራ የማያልፍ ሰው ነው። በዚያች ሰዓት ግን አባቱ ለእርሱ ሲሉ የዋጡትን ውርደት ከፊታቸው ላይ አየ፤ አንዲት ቃል ቢጨምር ያን ያህል የዋጡትን መልሶ የሚያስተፋቸው መሰለው። ዝም አለ። እንዲያውም ቅዳሜ ኮሚቴው ያን ያማረ ፈረስ ሲያይ ልቡ ይራራል ብሎ በውስጡ ተደሰተ።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ባለጋሪዎች ተሰብስበው ቆይተዋል። አቶ ወገኔ ከሩቅ ብቅ ሲሉ ሳቅና ጭብጨባ ተቀበላቸው። ከሁሉ የሚጮኸው ሽባባው ነበር፤ እርሱም ባለጋሪ ነው፣ ከአቶ ወገኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ አፉ የማያርፍ።

“አያ ወገኔ! ከፊት ሙሽራ፣ ከኋላ ሕፃን! ሠርግ ነው ክርስትና?”

“ሳቅ ሽባባው። ነገ ላንተም ይሰፋልሃል።”

“ለእኔ ነው ለፈረሴ?”

“ልጄ ሁለታችሁንም ለክቶ ይወስናል።”

ሳቁ ጋብ ሲል ሽባባው ቀረብ ብሎ በነፋስ የተጣመመውን የግላስ ዘርፍ አስተካከለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ቀልዴን ነው፣ አያ” አለ። “ዛሬ እኮ የሁላችንን ጋሪ ነው የሚነዱት። አምላክ ይርዳዎት።”

ከጎናቸው ሙከራ ላይ ያለችው የኤሌክትሪክ ባጃጅ ቆማለች። ሹፌሯ ቤዛዊት የምትባል ወጣት ናት።

“አባቴ፣ ከእኔ ጋር ይወዳደራሉ?” አለቻቸው።

“አንቺ በምን ትሮጫለሽ? ድምፅሽ እንኳ አይሰማም።”

“በመብራት ነዋ!”

አቶ ወገኔ ባጃጇን ከላይ እስከ ታች አዩአት። “ድመት ትመስላለች። መምጣቷ ሳይሰማ ነው አጠገብህ የምትደርሰው።”

ኮሚቴው ከዞኑ ዋና ከተማ ከእንጅባራ በመኪና ደረሰ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ምሥራቅ መሐንዲስ ናቸው፤ በስብሰባው ጥያቄዎቹን ያነሡት እርሳቸው ቢሆኑም፣ ጋሪው ያለ ፈተና እንዳይወድቅ ሙከራ ይደረግ ያሉትም እርሳቸው ነበሩ። ከረጢቱን ጎንበስ ብለው መረመሩ፤ ግላሱን ሲያዩ ደግሞ ጥልፉን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

“ማን ነው የጠለፈው?”

“የልጁ እናት” አሉ አቶ ወገኔ።

“እጇ ይባረክ።”

“አርፋለች።”

“ነፍስ ይማር” አሉ ወይዘሮ ምሥራቅ። ከዚያም ሌሎቹ የኮሚቴ አባላት በመኪና ሲከተሉ እርሳቸው በጋሪው ላይ ወጥተው ተቀመጡ። “በወረቀት አይቼዋለሁ፤ አሁን ተቀምጬ ልየው።”

መንገዱ ከመናኸሪያው ተነሥቶ በገበያው በኩል ወደ ሆስፒታሉ የሚዘልቅ ነው። ይኸነው በእግሩ ከጋሪው ጎን ይሄድ ነበር። ቦራ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እርምጃውን ሳያዛባ ይረግጣል። ፋንድያው በወረደ ጊዜ ከረጢቱ ያዘው፤ አስፋልቱ ላይ ምንም አልወደቀም። ይኸነው ይህን ሲያይ እንደ ልጅ መሮጥ ዳዳው።

“አቶ ይኸነው” አሉ ወይዘሮ ምሥራቅ ከላይ ሆነው፣ “እዚህ መንገድ ላይ የፊተኛው መኪና ጭስ አፍንጫዬ ሳይገባ ስሄድ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። መሥመሩ ይገባዋል። እኔ በበኩሌ እፈርማለሁ።”

አቶ ወገኔ ወደ ኋላ አልዞሩም። ይኸነው ግን የአባቱ ጀርባ ቀጥ ሲል አየ። እናቱ ከታመመች ወዲህ እንዲያ ሆኖ አይቶት አያውቅም።

ገበያው አጠገብ ሲደርሱ ቅዳሜ የወጣው ሕዝብ መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶት ነበር። ከገጠር የመጡ ሴቶች፣ ቅርጫታቸውን እንዳዘሉ፣ ቀይ ግላስ የለበሰ ፈረስ ሲመጣ አዩ። ከኋላው ጋሪ መኖሩን፣ ከጭራው ሥር ሸራ መታሰሩን ያስተዋለ ማንም የለም። ከመካከላቸው አንዲቱ እልል አለች። ሌሎቹ ተቀበሏት። አንድ ጎልማሳ ዱላውን ወደ ሰማይ አንሥቶ በአውኚ ፎከረ።

የቦራ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ።

አቶ ወገኔ በልጓሙ በኩል በእጃቸው ላይ የደረሰውን መንቀጥቀጥ ወዲያው አወቁት። ለብዙ ዘመን ያልተሰማቸው ነገር ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአውኚ ይናገሩት ጀመር፤ “ቀስ፣ የኔ ጌታ፣ ቀስ፤ እዚያ አይደለንም።” ቦራም ትንፋሹን ሰብስቦ፣ አንድ ጊዜ ዘንጉን ወዝውዞ፣ ሊረጋ ቃጣ።

በዚያችው ደቂቃ ቤዛዊት በፕሮግራሙ እንደ ተነገራት ባጃጇን ነድታ ጋሪውን በቀኝ በኩል ልታልፈው መጣች። ቦራ የቤንዚን ባጃጅን ከሩቅ በጆሮው ያውቀዋል፤ ሲመጣ ቦታ ይለቅለታል። ዓይኑ በጎን በኩል እንደ ጋሪ ፈረስ ሁሉ በቆዳ የተከለለ ነው። ይህችኛዋ ግን ድምፅ አልነበራትም። ነጭ አካሏ ከመከለያው ጫፍ በድንገት ብቅ ሲል፣ ቦራ ያየው ባጃጅ አልነበረም። ጉግስ በሚጫወቱበት ሜዳ ከጎኑ ብቅ የሚል፣ ሊቀድመው የሚሻ ፈረስ ነበር። ግላሱ በጀርባው ላይ ነበር፤ እልልታው በጆሮው። የሚያውቀውን አደረገ።

ሽምጥ ጋለበ።

ይኸነው “አባባ!” ብሎ ሲጮኽ ጋሪው ርቆ ነበር። ሕዝቡ በሁለት ተከፈለ። ፈረሱ እንደ ጎረምሳነቱ ዘመን አንገቱን ዘርግቶ፣ ቀዩ ዘርፍ በነፋስ እየተበተነ፣ ያማረ ሆኖ ሮጠ፤ ካዩት መካከል አንዳንዶች አደጋ መሆኑን እስኪረዱ ድረስ እልል ማለታቸውን አላቆሙም። መታጠፊያው ላይ የጋሪው ጎማ መንገዱን ስቶ የውኃ ቦዩ ውስጥ ገባ።

ወይዘሮ ምሥራቅ ወደ ሣሩ ተወርውረው ክንዳቸው ተሰበረ። አቶ ወገኔ ግንባራቸው ደማ እንጂ ተነሥተው ቆሙ። ቦራ ግን ከፊት እግሮቹ አንዱ በቦዩና በዘንጉ መካከል ገብቶ፣ ከጉልበቱ በታች ወዳልተፈጠረበት አቅጣጫ ታጥፎ ነበር።

ይኸነው ሲደርስ አባቱ ተንበርክከው አገኛቸው። የግንባራቸውን ደም አልጠረጉም። የዘንጉን ጠፍር እንኳ ገና አልፈቱም ነበር። ከሁሉ አስቀድመው ይፈቱ የነበሩት ከጭራው ሥር የታሰረውን ከረጢት ነው። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሳቸው ያዙት። ሲፈታ ወደ ጎን አኖሩት፤ አልወረወሩትም፤ የልጃቸው ነገር ነውና በጥንቃቄ አኖሩት። ከዚያ የቦራን ራስ በጭናቸው ላይ አሳረፉና በአውኚ ተናገሩት።

“ረስቷል ብዬ አማሁህ” አሉት። “እኔ ነኝ የረሳሁት።”

ይኸነው ቃሉን ሰማ፤ ቋንቋውን ባያውቀው በወደደ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ እግሩን ዳሰሰ፤ ራሱንም ነቀነቀ። በእኛ አገር እግሩ የተሰበረ የጋሪ ፈረስ ብዙ ጊዜ ከከተማ ወጣ ብሎ ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጅብ ጉዳይ ነው። አቶ ወገኔ ይህን አልፈቀዱም። ከአካባቢው ሚሊሻዎች አንዱ ፈረሱን ሊገላግለው ጠመንጃውን ይዞ ሲቀርብ፣ ግላሱን ሊያነሣ የፈለገ ሰው እጁን ዘረጋ።

“ተወው” አሉ።

“አያ፣ ደም ይነካዋል እኮ” አለ ሽባባው፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር። “የባለቤትዎ እጅ ነው።”

“ለእርሱ ነው የጠለፈችው።”

የከተማው ባለጋሪዎች በሙሉ፣ ፈረሶቻቸውን በየግንዱ አስረው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መስክ ዳር ጉድጓድ ቆፈሩ። በጠዋቱ ሲስቁ ከነበሩት አንድም ቀልድ የተናገረ አልነበረም። ቦራ በቀዩ ግላስ እንደ ተሸፈነ ተቀበረ። የበዓል ፈረስ እንደሆነ፣ ጋሪ እንዳልነካው ሁሉ።

ኮሚቴው ዳግመኛ ሲሰበሰብ ወይዘሮ ምሥራቅ ክንዳቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው መጡ። ከስብሰባው በፊት ይኸነውን ለብቻው ጠሩት።

“በጋሪው ላይ ሆኜ ያልኩህን አልረሳሁም” አሉት። “ግን የወደቅሁት እኔ ባልሆን፣ ልትወልድ ወደ ሆስፒታል የምትሄድ ሴት ብትሆንስ? ለዚህ መልስ ካለህ ስጠኝ፤ አሁኑኑ ገብቼ እከራከርልሃለሁ።”

ይኸነው መልስ ፈለገ። ፈረሱን ያስበረገገው ጋሪነቱ አይደለም ሊላቸው ይችል ነበር። ግላሱ ነው፣ ግላሱን ያለበስነውም ከረጢቱን ስላሰርንበት ነው፣ እኔም እያወቅሁ ዝም ስላልኩ ነው ሊላቸው ይችል ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ለስብሰባ የሚሆን እውነት ግን አልነበረም።

“የለኝም” አለ።

ጋሪ ከአስፋልቱ ወጣ። የኤሌክትሪክ ባጃጆቹ ገቡ፤ የተተከሉት ዛፎችም ጸደቁ። የይኸነው ሐሳብ ከዚያች ከአንዲቱ በቀር ሁሉም ተፈጸመ። በመንገድ ዳር ቆሎና ሙዝ የሚሸጡት ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላ መሸፈን ተዉ። ከተማዋ ጸጥ አለች፤ ቀድሞ በሞተር ጩኸት የሚዋጠው የቤተ ክርስቲያን ደወል ከመናኸሪያው ድረስ ይሰማ ጀመር። ከሌላ ወረዳ የመጡ እንግዶች ሥራውን ጎበኙ፤ ይኸነውም ተመሰገነ። ሽባባው ፈረሱን ይዞ ወደ ገጠር ተመለሰ።

አቶ ወገኔ ልጃቸውን አንድም ቀን አልወቀሱትም። ይኸነው ወቀሳ እንዲመጣ ይጠባበቅ ነበር፤ ቢመጣ ያቀልለት ነበር። አንድ እሑድ ብቻ አብረው ምሳ ሲበሉ ድንገት ጠየቁት።

“ጭሱ ቀነሰ?”

“ቀነሰ፣ አባባ።”

“እሰይ። ዝናቡም በጊዜው ይመጣ ይሆናል” አሉ።

ይኸነው የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረ።

ከክረምቱ መግቢያ በፊት አንድ ጠዋት ይኸነው በቤዛዊት ባጃጅ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ገበያውን እንዳለፉ ቤዛዊት ፍጥነቷን ቀነሰች። ከፊታቸው፣ ለጋሪ ሊሰመር ታስቦ በቀረው የአስፋልቱ ዳር፣ አንድ ሽማግሌ ወደ ሆስፒታሉ አቅጣጫ በእግራቸው ይሄዳሉ። አባቱ ነበሩ፤ መንገዱም ቦራ በመጨረሻ የሄደበት ነው። እርምጃቸው የሰው እርምጃ አይመስልም፤ ረጋ ያለ፣ እኩል የሆነ፣ ከጎናቸው አብሮ የሚሄድ ያለ ዓይነት ነበር። የሚሄዱትም በመሥመሩ መካከል አልነበረም። ወደ ግራው ጠርዝ ተጠግተው፣ በስተቀኛቸው ለአንድ ፈረስ የሚበቃ ቦታ ትተው ነበር።

“በየጠዋቱ እንዲህ ናቸው” አለች ቤዛዊት በሹክሹክታ። “እኛ ሹፌሮች ለምደናቸዋል። መምጣታችንን አይሰሙም። ጥሩምባ ልንፋ?”

“አትንፊ” አለ ይኸነው። “ይደነግጣሉ።”

“እንለፋቸው ታዲያ? በቀኛቸው በኩል ሰፊ ቦታ አለ።”

ይኸነው ያን ባዶ ቦታ አየ።

“በዚያ በኩል አትለፊ” አላት።

ባጃጇ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ከሽማግሌው ኋላ፣ በፈረስ እርምጃ ተከተለች።